ሁለቱም ሰደቡት ወይስ አንዱ?

የስቅለት ዕለት ማታ ነው። ከስግደት ተመልሰን፣ ጉልበታችን ዝሎ ሳሎን ቁጭ ብለናል። የ12 ዓመቱ ልጄ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ መጣና «አባዬ፣ ፈያታዊ ዘየማንም ጌታን ሰድቧል እንዴ?» አለኝ።

«እሱማ የለመነው ነው፤ ገነት የገባው» አልኩት።

ማቴዎስ ምዕራፍ 27ን አሳየኝ። አብረው የተሰቀሉት ወንበዴዎች ይነቅፉት ነበር ይላል፤ በብዙ ቁጥር። ማርቆስ 15ም እንደዚያው ነው። ሉቃስ 23 ላይ ግን የሰደበው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው ጓደኛውን ይገሥጻል። ዮሐንስ ደግሞ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ተሰቀሉ ብሎ ያልፋል።

እናቴ «በዚህ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ይነሣል?» ብላ ተቆጣች። እኔም ዝም ላሰኘው ስል «እኔና እህቴ የተለያየ ነገር ስንነግርህ ‹አንዳችሁ ዋሽታችኋል› ብለህ እኔን ቀጣኸኝ» አለኝ። የቴሌቪዥናችን ስክሪን የተሰነጠቀ ጊዜ ነው። መልስ አጣሁ።

በማግስቱ የንስሐ አባታችን ቄጤማ ይዘው ሲመጡ ልጁ ራሱ ጠየቃቸው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ይህን እነ ዮሐንስ አፈወርቅም አንሥተውታል» አሉት። አፈወርቅ የሚለው መጀመሪያ ሁለቱም ተሳደቡ፣ በኋላ አንዱ ተመለሰ ነው። እኔ በኋላ ሳነብ አውግስጢኖስ ሌላ መልስ እንዳለው አየሁ፤ ማቴዎስ በብዙ ቁጥር ቢናገርም አንዱን ማለቱ ነው ይላል። እኛስ አንድ ሰው ተናግሮን «ሰዎቹ ሰደቡኝ» እንል የለ?

እኔ ወደ አፈወርቅ አደላለሁ። ማርቆስ እንደሚለው የተሰቀለው በ3 ሰዓት ነው፤ ነፍሱን የሰጠው ከ9 ሰዓት በኋላ። (ዮሐንስ ስለ ሰዓቱ የሚለው ሌላ ነው፤ ልጄ ገና አልደረሰበትም።) ስድስት ሰዓት ጎን ለጎን ተሰቅሎ የዋለ ሰው፣ ጠዋት በሰደበበት አፍ በኋላ ቢለምን አይገርመኝም። እርግጥ «መጀመሪያ ሰድቦ ኋላ ተመለሰ» የሚል ቃል በአራቱም ወንጌላት የለም፤ ሁለቱን አገናኝተን የምናገኘው ነው። ይህንንም ለልጄ አልደበቅኩትም። የተመለሰው የቀኙ ነው የሚለውንም ያገኘነው ከትውፊት እንጂ ከወንጌሉ አይደለም። ይህኛው እናቴን በጣም አስገርሟታል።

ማታ ሁለቱን ልጆች አስቀምጬ የቴሌቪዥኑን ነገር እንደ አዲስ ጠየቅኩ። እህቱ «ሳሎን ውስጥ ኳስ ሲመታ አይቻለሁ» ብላኝ ነበር። እሱ «የሰበርኩት እኔ አይደለሁም» ነበር ያለኝ። ለካ እሷ የመጀመሪያውን ምት አይታ ወደ ጓዳ ገብታለች፤ ስክሪኑን ያገኘው ቀጥሎ የጎረቤት ልጅ የመታው ነው። ያን ጊዜ ማን ቀድሞ፣ ማን ቀጥሎ እንደመታ አልጠየቅኩም ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኩት። ኳሱን ግን እናቴ እስካሁን ከአልጋዋ ሥር አላወጣችም።