በአየር ትርኢት ላይ «ይቁም» የሚለው ማን ነው?

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

አጋርፋ ላይ በጥምቀት ፈረስ ሲጋለብ ዓይኔ የሚያርፈው ከሜዳው ዳር በሚቆሙ አንድ ሽማግሌ ላይ ነው። ከዘራቸውን አግድመው ልጆቹን ከጉብታው ወዲያ ይመልሳሉ። ጋላቢው በሕዝቡ ፊት ያልፋል እንጂ ወደ ሕዝቡ አይመጣም። አንድ ዓመት የአንዱ ፈረስ ልጓም ተበጠሰ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ጉግሱ ቆመ። ማንም አልተከራከራቸውም።

በጥር 2017 ዓ.ም. የአየር ኃይላችን 89ኛ ዓመት በቢሾፍቱ በአቪዬሽን ኤክስፖ ሲከበር እኔም እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ ኮርቻለሁ። ግን ያ ከዘራ በማን እጅ ነበር?

ጥያቄው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። አገራችን የገባችበት እ.ኤ.አ. የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት በ3ኛ አንቀጹ ወታደራዊ አውሮፕላኖችን ከስምምነቱ ውጭ ያደርጋል። አንቀጹ መንግሥታት ለራሳቸው አውሮፕላኖች ደንብ ሲያወጡ ለሲቪል በረራ ደኅንነት እንዲጠነቀቁ ያዛል፤ መሬት ላይ ስለቆመው ተመልካች ግን አንድም ቃል የለውም። አውሮፕላኑም አብራሪውም የጦር ኃይሉ ናቸው፤ ከሥር ያለው ሕዝብ ግን ሲቪል ነው። ጥር ደግሞ የውቂያ ወር ነው። ትርኢት መኖሩን እንኳ ሳይሰማ በሬውን አውድማ ላይ የሚያዞር ገበሬም ከዚያው ሰማይ ሥር ነው።

እንዲህ ያለው ሰው መሞቱ በሌላ አገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2015 በእንግሊዝ ሾረም የአየር ትርኢት ላይ አንድ አሮጌ የጦር ጄት ሲገለበጥ በቂ ከፍታ ሳይዝ ቀርቶ ከአየር ማረፊያው ውጭ በሚያልፍ አውራ ጎዳና ላይ ወደቀ። 11 ሰው ሞተ፤ ሁሉም መንገድ ላይ የነበሩ ናቸው። አብራሪው ተረፈ፤ በኋላም ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበተው። መርማሪዎቹ ግን በአብራሪው ስሕተት አላቆሙም። አዘጋጆቹ አደጋውን አስቀድመው የገመገሙበትን መንገድም፣ ፈቃድ የሚሰጠውንና የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤት አሠራርም መርምረው ጉድለቱን በጽሑፍ አወጡ። ያ መሥሪያ ቤት የእርስዎ አቻ ነው፤ ደንቡንም አጠበቀ። ከዚያ በፊት በአየር ትርኢት እ.ኤ.አ. በ1988 ጀርመን ራምሽታይን ላይ 70 ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ዩክሬን ልቪቭ ላይ 77 ሰው አልቋል። ከራምሽታይን ወዲህ አውሮፕላን ወደ ተመልካቹ አቅጣጫ እያመራ ትርኢት እንዳያሳይ በብዙ አገር ተከልክሏል። የአጋርፋው ሽማግሌ ይህን ያለ ደንብ ያውቁታል።

የውጭውን ደንብ እንዳለ መቅዳት ግን አይበቃንም። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ነው፤ ነገ ትርኢቱ ወደ እኛ አካባቢ ቢመጣ ሮቤ ከ2400 ሜትር በላይ ናት። አየር ሲሳሳ የሞተር ጉልበት ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ለመታጠፍ ሰፊ ቦታ፣ ቁልቁል ወርዶ ለመቃናትም ተጨማሪ ከፍታ ይፈልጋል። የርቀቱና የከፍታው ልክ በእኛ ተራራ መለካት አለበት።

ሌላው ምርመራ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የመንገደኛ አውሮፕላን ቱሉ ፈራ ማሳ ላይ ወድቆ 157 ሰው አጥተናል። የመጨረሻው የምርመራ ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ያልተስማሙበትን ለብቻቸው አሳተሙ። በውጭ አገር በተሠራ የመንገደኛ አውሮፕላን ላይ እንኳ ይህን ያህል ክርክር ከተነሣ፣ ትርኢቱን ያዘጋጀው፣ ያበረረውና የሚመረምረው አንድ ተቋም ቢሆን ውጤቱን ማን ያምናል? ሲቪል በተጎዳበት አደጋ ሁሉ መርማሪው ከአዘጋጁም ከእርስዎ መሥሪያ ቤትም የተለየ ይሁን፤ ሪፖርቱም ለሕዝብ ይውጣ።

ክቡር ሆይ፣ ከአየር ኃይሉ ጋር ቁጭ ብላችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። የቀጣዩ ትርኢት ቀን ከመድረሱ በፊትም አንድ ወረቀት አውጡልን፦ አውሮፕላኑ የት አካባቢ እንደማይበር፣ ሕዝቡ ከየት ወዲያ እንደማያልፍ፣ «ይቁም» የሚለው ሹም ስምና ማዕረግ። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ በየቀበሌው ይለጠፍ፤ አውድማ ላይ ላለው ገበሬም ይነገረው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአጋርፋ ነዋሪ