የዋጋ ወሬ መብዛትና የነጋዴው ጥንቃቄ

የንግድ ሥራ ያለ ወሬ የማይካሄድ መሆኑ የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ በገበያ ከተሞች የዋጋ ማሳያ ሰሌዳ እንዲተከል የተደረገው፣ ገበሬውና ሰብሳቢው የአዲስ አበባን ዋጋ በጊዜው ለማወቅ ይቸገሩ ስለ ነበረ ነው። ያን ጊዜ ችግሩ የወሬ ማነስ ነበር፤ ዛሬ ግን የወሬ መብዛት ሆኗል።

በጅማ መንገድ ላይ በምትገኘው በሰኮሩ አንድ ቡና ሰብሳቢ ጧት ቴሌግራምና ፌስቡክ ቢከፍት፣ የኒውዮርክ ዋጋ፣ የዶላር ምንዛሪ፣ የብራዚል ዝናብ፣ የዘመድ ሠርግና የማያውቀው ሰው ሐሜት ተደባልቀው ይጠብቁታል። ሁሉን ልይ ያለ እንደ ሆነ ደንበኛው ቆሞ ይቀራል፤ ሁሉን ልተው ያለ እንደ ሆነ ደግሞ የሚጠቅመው ያመልጠዋል።

ጉዳቱ ጊዜ ማባከን ብቻ አይደለም። በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. በኒውዮርክ የአረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። 4 ዶላሩ በ17 ኪሎው ፈረሱላ ሲታሰብ 150 ዶላር ያህል ይሆናል። መለኪያው ሳይጻፍ «ቡና 4 ዶላር ገባ» ተብሎ ቢሰራጭና አንባቢው በኪሎ ቢያሰላው ግን 68 ዶላር ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ያ ዋጋ ወደፊት ለሚረከቡት የታጠበ ቡና የሚዋዋሉበት እንጂ፣ በሰኮሩ ሚዛን ላይ ለቀረበ ጀንፈል የሚከፈል አይደለም፤ በመካከሉ የመፈልፈያ፣ የመጓጓዣና የባንክ ወለድ ወጪ አለ። ይህን ያላገናዘበ ሰው ወይ በብድር አስወድዶ ገዝቶ ይከስራል፣ ወይ አርክሶ ሸጦ ይቆጫል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የተባለው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ስልኩን መጣል ሳይሆን ሥርዓት ማበጀት ነው። የኒውዮርክ ገበያ ዋናው የመዝጊያ ዋጋ የሚታወቀው በኢትዮጵያ ሰዓት ምሽት ስለ ሆነ፣ የትናንቱን ዋጋ ጧት አንድ ጊዜ ማየት ለሰብሳቢ ይበቃዋል። የአገር ውስጡን ዋጋ ከምርት ገበያውና ከቡናና ሻይ ባለሥልጣን፣ ምንዛሪውን ከባንኩ መጠየቅ ይገባዋል። መለኪያ፣ ቀንና ምንጭ የሌለውን ዋጋ ከመቀበልም ሆነ ለሌላ ከማስተላለፍ ይቆጠብ። ወሬ ብቻ የሚያበዛውን ቡድን ድምፁን ያጥፋው፤ ካልረባውም ይውጣበት።

ይህ ሥርዓት ሲጠበቅ ማኅበራዊ መገናኛው የሚሰጠው ደስታም በቦታው ይገኛል። ሱቅ ከተዘጋ በኋላ በጅዳ ያለችውን እኅት መልክ አይቶ መነጋገር፣ ዘፈን መስማት፣ በቀልድ መሣቅ የተገባ ዕረፍት ነው። የዋጋ ጭንቀት በየመካከሉ እየገባ የሚያቋርጠው ጨዋታ ግን ጨዋታም ሥራም አይሆንም።

በየከተማው ያሉ የንግድ ማኅበራትም በቀን አንድ ጊዜ፣ መለኪያውና ምንጩ የተገለጠ አጭር የዋጋ ማስታወቂያ ለአባሎቻቸው ቢያደርሱ ትልቅ አገልግሎት ነው። ነጋዴውን የሚጠቅመው የመልእክቱ ብዛት ሳይሆን እውነተኛነቱ ነውና።