ሰባት ቤት ያልተቆጠረለት ወጠጤ

ዛሬ ስለ ፍየል ላጫውታችሁ ነው። «ሲስተርን ደግሞ ምን ነካት? ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ!» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር ነውና አይፈረድባችሁም። ነገሩ ግን ከቤታችንም፣ ለገና ከምንገዛው ሥጋም የራቀ አይደለም።

ባለፈው ፋሲካ የልጅ ልጄን ይዤ ሰሜን ሸዋ፣ ቆላው ውስጥ ወደሚኖሩት ታላቅ ወንድሜ ወርጄ ነበር። ጋሼ በዓሉን በደስታ አልተቀበሉትም። በዓመቱ ከተወለዱት ግልገሎች ገሚሶቹ ጡት ሳይተዉ ሞተዋል። የተረፉትም አያድጉም። አንዱን አንሥቼ አፉን ስከፍተው የታችኛው መንጋጋው አጥሯል፤ ጡት በቅጡ መያዝ አይችልም። ባለቤታቸው «ዓይን ነው» ይላሉ። የእንስሳት ጤና ባለሙያው መጥቶ የትል መድኃኒት ሰጥቷል፣ ክትባትም ከትቧል፤ ለውጡ ግን ትንሽ ነው። ለጋሼ ቤት ፍየል ማለት ባንክ ማለት ነው። የትንሿ ልጃቸው የትምህርት ወጪም ሆነ የእሳቸው የደም ግፊት መድኃኒት የሚወጣው ከጉረኖው ነው።

እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን የታመመ ሕፃን ሲመጣልኝ ስለ ቤተሰቡ መጠየቅ ልማዴ ነበርና ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ የእነዚህ አባት ማነው?»

«ያ ቡራቡሬው ወጠጤ ነዋ! እዚሁ የተወለደ ነው። አምስት ዓመት ሆነው።»

«እናቶቻቸውስ?»

«የሱው ልጆች ናቸዋ፤ ከየት ይመጣሉ?»

«እሱንስ ለምን መርጠው አስቀሩት?»

«ማን መረጠው? ሌሎቹ ቶሎ ቶሎ እየደለቡ ለበዓል ተሸጡ። እሱ ቀጫጫ ስለነበር ነጋዴ አልፈለገውም።»

«ልጅዎን ሲድሩ ስንት ቤት ቆጠሩ ጋሼ?»

«ሰባት ነዋ! ሽማግሌ ተቀምጦ…» ብለው ወደ ጉረኖው ዞር አሉና ዝም አሉ። ቆይተው ሳቁ። «ለፍየል ማን ይቆጥራል ብለሽ ነው እታለም!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውም ፍየልም ከእያንዳንዱ ዘረ መል ሁለት ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት። ሁላችንም አንዳንድ የተበላሸ ቅጂ ተሸክመን እንዞራለን፤ ጤነኛው ጓደኛው ስለሚሸፍንለት አይታወቅብንም። አባት ከልጁ ሲዋለድ ግን ያው የተበላሸ ቅጂ ከሁለቱም ወገን ሊመጣ ይችላል። እንዲህ የሚወለድ ግልገል በአማካይ ከ4 የዘረ መል ጥንዶቹ በአንዱ ሁለቱም ቅጂዎች ከአንድ ምንጭ የተገለበጡ ይሆናሉ። ግልገሉ አንሶ ይወለዳል፣ በሽታ አይችልም፣ አንዳንዴም አካሉ ይጎድላል። አባቶቻችን ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ዘረ መል የሚባል ቃል አልሰሙም፤ ሥራው ግን ይኸው ነበር።

በዚህ ላይ ሁለተኛ ጥፋት አለ፤ በዚህኛው እኛ ከተሜዎችም አለንበት። ለበዓል ትልቁን፣ ፈጥኖ ያደገውን እንመርጣለን። ገና ሳይወልድ ይታረዳል። አባት ሆኖ የሚቀረው ገበያ የጣለው ነው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ጥሩው ዘር ከመንጋው እየተነቀለ ያልቃል።

በአገራችን ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍየል አለ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የአገር ዝርያ ነው። ፍየል ከሰው ጋር መኖር የጀመረው ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በዛሬዎቹ ኢራንና ቱርክ ተራሮች አካባቢ ነው። ወደኛ ከደረሰ በኋላ እንደየአገሩ ተለያየ። የአበርገሌ ፍየል ደረቁን የተከዜ አካባቢ ለምዷል። የአፋርና የሶማሌ ፍየሎች ሙቀቱንና የውኃ እጥረቱን ይችላሉ። በጌት ግዙፍና ወተታም ነው። የባቲ አካባቢ ፍየል ቆዳ ደግሞ በውጭ ገበያ ሳይቀር ስሙ የታወቀ ነው። ይህን ያስገኘው የብዙ ሺህ ዓመት ድርቅና በሽታ ነው፤ አንዴ ከጠፋ በገንዘብ አይገዛም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በሥራ ዘመኔ የተመጣጠነ ምግብ ላጠራቸው ሕፃናት ተብሎ የውጭ ደም ያላቸው ወተታም ፍየሎች ለእናቶች ሲታደሉ ስም መዝጋቢዋ እኔ ነበርኩ። ወተቱ ብዙ ልጆችን ጠቅሟል፤ አልክድም። ዝናብ በቀረበት ዓመት ግን እነዚያ ፍየሎች ቀድመው አለቁ። የአገሩ ፍየል እሾሁን ቀንጥሶ ከረመ። ያለ መኖና ያለ ሐኪም የመጣ ጥሩ ዘር እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ ቢሆን ኖሮ «የራሳችሁንም አትጣሉ» ብዬ እመክር ነበር።

በአበርገሌና በኮንሶ የተሞከረው መንገድ ደስ ይለኛል። አርቢዎች ተደራጅተው የግልገሎቻቸውን ልደትና ክብደት ይመዘግባሉ። ከወንዶቹ ምርጦቹን ራሳቸው መርጠው በጋራ ይጠቀማሉ፤ የቀሩትን ያኮላሻሉ ወይም ይሸጣሉ። ዘሩ ከአገሩ ሳይወጣ ይሻሻላል።

ገጠር ዘመድ ያላችሁ እንግዲህ ይህን ንገሩልኝ፦

ወጠጤው ሴት ልጆቹ ለመራባት ከመድረሳቸው በፊት ይለወጥ። ጎረቤት ያለው የሱው ወንድም ሊሆን ይችላልና ራቅ ካለ መንደር፣ ከዚያው ዓይነት ዘር ቢሆን ይመረጣል።

ከየውልደቱ ፈጥኖ ያደገው አንድ ወንድ ለዘር ይቅር። ለበዓል ስታዙም «ትልቁን ወጠጤ» አትበሉ፤ ሙክት ጠይቁ። ሥጋውም ይጣፍጣል።

ልማደኛ ነኝና አንድ የጤና ምክር ልጨምር። የግልገል ሞት ሁሉ የዘር ችግር አይደለም። ፍየል ካስወረደች የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ጨርሶ አትቅረብ። ወተቱም ሳይፈላ አይጠጣ፤ ከፍየል ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አለ።

ጋሼ ከፋሲካ በኋላ ቡራቡሬውን ሸጠው፣ ከወንዙ ማዶ ከሚኖር ወዳጃቸው ጋር ተስማምተው ሌላ ወጠጤ አመጡ። ፍየል አምስት ወር አርግዛ ነው የምትወልደው። ሰሞኑን ስደውል አራት ግልገሎች ተወልደው አራቱም በደንብ ይጠባሉ አሉኝ። ክረምቱም ጥሩ ስለነበር ምስጋናውን ሁሉ ለወጠጤው አልሰጥም። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ግን እንዲህ አሉኝ፦

«ነጋዴ መጥቶ ነበር። አንደኛዋ እናት የወለደችውን ወንድ አይቶ ‹ለፋሲካ ያዝልኝ› አለኝ። እምቢ አልኩት። ይኼስ ይቆየን።»