አምስተኛ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው

ወንድሜ ትምህርት ያቋረጠው በ2008 ዓ.ም. ነው። ፈተና አልወደቀም፣ አልረበሸም፣ አልታመመም። ወደ አምስተኛ ክፍል ተዛወረ፤ አምስተኛ ክፍል ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር።

እግሮቹ ከልጅነቱ ጀምሮ አይታዘዙለትም። አራት ዓመት ሙሉ እናታችን ከሽሮ ሜዳ በላይ ካለው ቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ አዝላ አመላልሳዋለች። የጉለሌን ዳገት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ሲወርዱ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ሲወጡ ትንፋሽ ይቆረጣል። ስለ ዳገቱ ግን አንድም ቀን አላማረረችም። ያሸነፋት ደረጃው ነው።

ርዕሰ መምህሩ ጋ አብሬያት ሄጄ ነበር። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የእሱን ክፍል ግራውንድ ላይ ካለ ክፍል ጋር አቀያይሩልኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ ሻይ አዘዘላት። ከዚያ «እናቴ፣ ይረዱን እንጂ፤ አቅም የለንም» አላት።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚህች ቃል ጋር ተጣልቻለሁ።

ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ለማሠራት አቅም ነበር። ያልነበረው ሁለት ክፍል ለማቀያየር የሚሆን አቅም ነው፤ ዋጋው ዜሮ ብር። ስለዚህ ልንገራችሁ፦ «አቅም የለንም» ብዙ ጊዜ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። በግልጽ እምቢ ማለት ያሳፈረው ሰው የሚጠቀምባት ጨዋ አነጋገር ናት።

ቃሏ ከሰማይ አልወረደችም። አካል ጉዳተኛን ማስተማር በሀገራችን ገና ሲጀመር የምሕረት ሥራ ነበር። በ1910ዎቹ የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ደምቢ ዶሎ ላይ ለዓይነ ስውራን ትምህርት ጀመሩ፤ በንጉሡ ዘመን ሰበታ መርሐ ዕውራን መጣ። የእነዚያን ሰዎች ድካም አላቃልልም። ግን ትምህርቱ ምጽዋት ሆኖ ስለጀመረ፣ ሕግ ሲጻፍም የምጽዋት ቋንቋ ተከትሎት ገባ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ አካል ጉዳተኞችን ከአረጋውያንና ወላጅ ከሌላቸው ልጆች ጋር አሰልፎ፣ መንግሥት ለመርዳት እንደሚንከባከባቸው ይናገራል፤ ያውም የሀገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደው ደረጃ። መርዳት፣ መንከባከብ፣ አቅም። የወንድሜ ርዕሰ መምህር ሳያውቀው ሕገ መንግሥት እየጠቀሰ ነበር።

በወረቀት ደረጃ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጉዘናል። በ1998 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፣ በ2004 ተሻሻለ። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ጭምር መግቢያ እንዲኖራቸው አዘዘ። በ2002 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 የሀገራችን ሕግ አካል ሆነ። ይህ ስምምነት ማንም በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል ይላል። ከአቅም በላይ ያልሆነ ማስተካከያ መከልከልንም አድልዎ ብሎ ይጠራዋል። ክፍል ማቀያየር ከማን አቅም በላይ ነው?

የወንድሜ ትምህርት ቤት ሕንፃ የተሠራው ከ2001 በኋላ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ ያማል። በትምህርት ሚኒስቴር የ2011 ዓ.ም. አሃዞች መሠረት፣ በአንደኛ ደረጃ የአካል ጉዳተኛ ልጆች ተሳትፎ 11 በመቶ ገደማ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ላይ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር።

ይህን ስናገር ሁለት መልስ ይሰጠኛል። አንደኛው «የትነበርሽ ንጉሤስ?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ በልጅነቷ ዓይኗን ያጣችው የአማራ ሳይንት ልጅ ሻሸመኔ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ዳግማዊ ምኒልክ ተምራ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝታለች። እኮራባታለሁ። ግን አንድ ጀግና ስላለን የሌላው ልጅ ደረጃ አያጥርም። ለመማር ጀግና መሆን ግዴታ የሆነበት ልጅ መብት አለው አይባልም።

ሁለተኛው መልስ «ድሃ ሀገር ነን» ነው። ይህኛው ከባድ ነው፤ አልሸሸውም። የብሬል መጽሐፍ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ የሠለጠነ መምህር ገንዘብ ይጠይቃሉ። ግን አሜሪካም ብትሆን በሀብቷ ብቻ አልተለወጠችም። እ.ኤ.አ. በ1975 ሕጓን ስታወጣ፣ ኮንግረሱ ራሱ አንድ ሚሊዮን አካል ጉዳተኛ ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት ፈጽሞ ተገልለው እንደነበር አምኗል። ሀብቱ ቀድሞም ነበራ! አዲሱ ነገር ልጇ የተገፋባት እናት የምትከራከርበት ሥርዓት መሠራቱ ነው። ቅርብ ምሳሌ ካስፈለገም ደቡብ አፍሪካ አለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ጉዳይ ዌስተርን ኬፕ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ መንግሥት በጀት የለኝም አለ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። በጀት ከጎደለም ጉድለቱን እነዚህ ልጆች ብቻ ለምን ይሸከማሉ የሚል ነበር መልሱ።

እኛም ብንሆን መንገዱን እናውቀዋለን። በ2000 የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568 አድልዎ የደረሰበት ሰው ክስ እንዲመሠርት ይፈቅዳል። ለሥራ የተፈቀደው ክርክር ለአምስተኛ ክፍል ለምን ይቀራል? ሥራ ፍለጋ የሚደርሰው መጀመሪያ የተማረ ነው።

ስለዚህ ከሕግም ከሕግ አስፈጻሚም የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። ትምህርት ቤት ልጅ አልቀበልም ወይም አላመቻችም ካለ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ፈርሞ ለወላጅ ይስጥ። ወላጅ ያንን ወረቀት ይዞ የሚሄድበትና በቀነ ገደብ ውሳኔ የሚያገኝበት ቦታ ይኑር። መግቢያው ለዊልቸር የማይሆን አዲስ ትምህርት ቤት የመጠቀሚያ ፈቃድ አያግኝ። ከሦስቱ ውስጥ ሀገር የሚያደኸይ የቱ ነው?

እናቴ የዚያን ቀን ወረቀት ብትጠይቅ ኖሮ ምን ይጻፍላት ነበር? «ክፍል ማቀያየር ስላልቻልን ልጅዎን አሰናብተናል» ብሎ የሚፈርም ሰው የሚገኝ አይመስለኝም። በቃል ሲሆን ግን ከሻይ ጋር ይወርዳል።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር፣ ወንድሜ ከትምህርት ቤቱ ተጠርቶ ዊልቸር ተሰጠው። ከተማሪዎች ጋር ፎቶ ተነሳ፣ ኬክ ተቆረሰ። ፎቶው የተነሳው ከደረጃው ሥር ነው። ዛሬ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሞባይል ይጠግናል፤ እጁ ጎበዝ ነው፣ ደንበኞቹም ይወዱታል። የእንግሊዝኛ ማኑዋል ማንበብ ሲያቅተው ግን ለእኔ ይደውላል። እኔ እስከ ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ። ከእሱ ስለምበልጥ አይደለም፤ ደረጃ መውጣት ስለምችል ነው።

እናንተም የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት አስቡት። አምስተኛ ክፍል የት ነበር?