አሮጌዋ ፔጆ ትታደስ ወይስ ትቅር?

ዛሬ ስለ አሮጌ መኪና እንነጋገር።

ሐረርና ድሬዳዋ የኖረ ሰው ፔጆ 404ን ያውቃታል። የተወለደችው በፈረንሳይ አገር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ነው። ጥቂት ቆይቶ ረጅሟ ስቴሽን መጣች። ይህችኛዋ ባለሦስት ረድፍ ወንበር ነበረች፤ ቤተሰብ ሙሉ ትጭናለች።

እኛም ቤት አንዲት አለች። አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በእሷ ሠርተው አሳድገውናል። ዛሬ በግቢው ጥግ ቆማለች። ዶሮዎች ያድሩባታል።

ታላቅ ወንድማችን «ትታደስ» አለ። እናታችን ግን «ያለን ገንዘብ የልጆች ትምህርት ቤት ነው» አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ታዲያ ምን ይሻላል? አንድ መካኒክ «መጀመሪያ ቀለም እንቀባት» አለን። እምቢ አልን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ቀለም ቢቀቡበትም ዝገት ከሥር መብላቱን አይተውም። ስለዚህ ሦስት ነገር አየን።

1. አካሏን። ፔጆ 404 እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። የሚሸከማት አካሏ ራሱ ነው። ወለሏና ከበሮቹ ሥር ያለው ላሜራ ከበሰበሰ፣ አጥንቷ ተሰበረ ማለት ነው። ማግኔት ይዘን ዳሰስናት። ማግኔት ብረት ላይ ይጣበቃል፤ ስቱኮ ላይ አይጣበቅም። ሁለት ቦታ ላይ ማግኔቱ ወደቀ።

2. ሞተሯን። ሳትቆም በፊት ሰማያዊ ጭስ ታወጣ ነበር። ዘይት ይቃጠላል ማለት ነው። ይህ ተስፋ አያስቆርጥም። የ404 ካሚቻ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ይበልጥ የሚያስፈራው የበሰበሰ አካል ነው።

3. ወረቀቷን። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይስማማል? ቁጥሩን ያነበቡልን እናታችን ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በስተርጅና ነው። አንድም ቁጥር አልሳቱም።

ከዚያ ደብተር አወጣን። በግራ በኩል ወጪውን ጻፍን፦ በያጅ፣ ላሜራ፣ ፋሻ፣ ካሚቻ፣ ፍሬን፣ ጎማ። ዋጋውን ከሁለት ጋራዥ ጠየቅን። ላልታሰበ ወጪም ከአራት አንድ እጅ ጨመርን። በቀኝ በኩል ታድሳ ብትሸጥ የምታወጣውን ጻፍን። ግራው በለጠ።

ወንድማችን ዝም አለ። እናታችን መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ለመሸጥ ከሆነ ኪሣራ ነው። ለራሳችን ከሆነ ግን ወለሏ፣ ሞተሯና ፍሬኗ በየተራ ይሠራ። ቀለሙ ይቆይ። የልጆቹ ገንዘብ አይነካ» አሉ። ወንድማችንም ከደመወዙ በየወሩ ጥቂት ሊያወጣ ቃል ገባ።

መጀመሪያ የሠራነው ግን የዶሮ ቤት ነው።

እስቲ መልሱ፦
ማግኔቱ ለምን ወደቀ?
ቀለሙ ለምን ይቆይ ተባለ?
እናንተ ብትሆኑ በደብተራችሁ ግራና ቀኝ ምን ትጽፋላችሁ?