ቀጠሮና ርቀት፦ የቦምቤ ወጣቶች የእርግዝና መከላከያ ምርጫ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች ድርሻ በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 6 በመቶ በ2011 ዓ.ም. ወደ 41 በመቶ ማደጉን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ ከ41ዱ 27ቱ የሚጠቀሙት በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን መርፌ ነው።

በወላይታ ዞን በቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ፣ በቦምቤ ከተማና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ወጣቶች ይህ ሁኔታ ልዩ ትርጉም አለው። ከአካባቢው ለትምህርትና ለሥራ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። መርፌው እርግዝናን የሚከላከለው በየወሩ እንቁላል እንዳይለቀቅ በማድረግ ነው፤ በጉዞ ምክንያት ቀጠሮ ሲያልፍ ግን መከላከሉ እየተዳከመ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት በተለመደው አጠቃቀም ከ100 የመርፌ ተጠቃሚዎች 4 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊያረግዙ ይችላሉ።

በአንጻሩ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ በማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕም ለበርካታ ዓመታት ይሠራል። ሁለቱም ዕለታዊ ክትትል ስለማይሹ በዓመት ከ100 ተጠቃሚዎች የሚያረግዙት ከ1 ያነሱ ናቸው። ተጠቃሚዋ በፈለገች ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ ማስወጣት ትችላለች። በየቀኑ የሚወሰደው እንክብል ሲዘነጋ አስተማማኝነቱ ይቀንሳል። ድንገተኛው መከላከያ በ5 ቀናት ውስጥ፣ በተቻለ ፍጥነት የሚወሰድ ሲሆን ለመደበኛ አገልግሎት አይውልም። ከኤች አይ ቪና ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎች የሚጠብቀው ኮንዶም ብቻ በመሆኑ ከሌላ ዘዴ ጋር አጣምሮ መጠቀም ይመከራል።

ወጣቶችን ከአገልግሎቱ ከሚያርቁ ምክንያቶች አንዱ መከላከያው መካን ያደርጋል የሚለው ሥጋት ነው። ይህ እውነት አይደለም። መርፌ ካቆሙ በኋላ ማርገዝ በጥቂት ወራት ሊዘገይ ይችላል፤ የክንዱ መከላከያና ሉፕ ሲወጡ ግን የማርገዝ አቅም ወዲያው ይመለሳል። የወር አበባ መዛባት በመርፌና በክንድ መከላከያ የሚጠበቅ ለውጥ ሲሆን ሕመም ወይም ብዙ የደም መፍሰስ ካለ ባለሙያን ማማከር ይገባል።

ስለዚህ ወጣቶች ዘዴ ሲመርጡ የሌሎችን ልማድ ከመከተል ይልቅ የራሳቸውን የኑሮ ሁኔታ፣ በተለይም ከአካባቢያቸው የሚርቁበትን ጊዜ ቢያመዛዝኑ ይጠቀማሉ። መርፌን የመረጠች ወጣት ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ የቀጠሮ ካርዷን ይዛ በሄደችበት የጤና ተቋም መቀጠል ትችላለች። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አገልግሎቱ በመንግሥት ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን ያላገቡ ወጣቶችም የመጠቀም መብት አላቸው።