ቀዩ ቅመም እና መርዘኛ ዘመዱ

ባለፈው ወር የባለቤቴ እህት ከቤሩት ስትመጣ ከሻንጣዋ በላስቲክ የታሰረ ጠቆር ያለ ቀይ ዱቄት አወጣች። አማቴ በጣታቸው ነካ አድርገው ቀመሱና “እኔ በርበሬ መስሎኝ! ይሄማ ሎሚ ነው” አሉ።

ሱማክ ይባላል። በሜዲትራኒያን ዙሪያና በመካከለኛው ምሥራቅ የሚበቅል ቁጥቋጦ ፍሬ ነው፤ ደርቆ ይፈጫል። ሊባኖሶች ፈቱሽ በሚሉት ሰላጣ ላይ ይነሰንሱታል፣ ቱርኮች ከከባብ ጋር በሚቀርብ ሽንኩርት ያሹታል። እኛም ያንኑ ምሽት ሞከርነው። ቀይ ሽንኩርት በስሱ ይከተፋል፣ በጨው ታሽቶ አንድ የሻይ ማንኪያ ሱማክ ይጨመርበትና አሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል። ከዚያ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዘይት። ሎሚ አያስፈልገውም። ለጾምም ግሩም ነው።

ገና ሳንቀርብ ፎቶውን በቴሌግራም ሜሪላንድ ላለችው የአክስቴ ልጅ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች፦ “እንዳትበሉት! ሱማክ መርዝ ነው!” ባሏ ባለፈው በጋ የጓሮ ቁጥቋጦ ሲመነጥር ውሎ በሁለተኛው ቀን ክንዱ ሙሉ ውሃ ቋጥሮ ነበር።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ ምን እንደሚፈጠር አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ “ፖይዝን ሱማክ” የሚባል ተክል በእርግጥ አለ። ድሮ ከሱማክ ጋር በአንድ ወገን ይመደብ ነበር፣ በኋላ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ለዩት። ፍሬው ነጣ ያለና ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው፤ የማይጎዱት የአሜሪካ ሱማኮች ግን ቀይ ፍሬያቸው ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መርዘኛው የሚወደው ረግረግ ስለሆነ፣ የዘመዳችንን ክንድ ያቃጠለው በየጓሮው የሚገኘው ባለ ሦስት ቅጠሉ ፖይዝን አይቪ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱም ኡሩሺኦል የተባለ ዘይት አላቸው። ዘይቱ ልብስና መሣሪያ ላይ፣ የውሻ ፀጉር ላይ ሳይቀር ይቆያል። እዚያ ያላችሁ፣ ከነካችሁት ቶሎ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። ነቅላችሁ አታቃጥሉት፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

እንግዲህ የአክስቴ ልጅ ተሳስታ ነበር። ግን ስለዚህ ዘመዳ ዘመድ ሳነብ እጄ ቆመ። ሱማክ ከማንጎ፣ ከካሹ፣ ከፒስታሽዮ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። (በየመንገዱ ዳር ቅርንጫፉ የሚንጠለጠለው፣ ቁንዶ በርበሬ የምንለው ዛፍም እንዲሁ፤ ከጥቁሩ ቁንዶ በርበሬ ጋር ግን አይዛመድም።) አንዳንድ ሰው የማንጎ ልጣጭ በጥርሱ ሲልጥ አፉ ዙሪያ የሚያሳክከው በዚሁ የዘር ጠባይ ነው።

የስድስት ዓመቱ ልጄ በአራት ዓመቱ ካሹ በልቶ ከንፈሩ አብጦ በሌሊት ሐኪም ቤት ይዘነው ሮጠናል። ካሹና ፒስታሽዮ የማይስማማቸው አንዳንድ ሰዎች ሱማክም ሊያስቆጣቸው ይችላል። ቀና ስል ሹካውን ይዞ ሳህኑን ወደ ራሱ እየሳበ ነበር።

ሳህኑን አነሳሁ፤ አለቀሰ። አማቴም “በሎሚ የተሠራ ምን አነሰው?” ብለው ተነሥተው አዲስ ከተፉለት። አሁን ቤታችን ሁለት ሰላጣ ይሠራል፣ በሁለት ማንኪያ። ሱማኩን ከላይኛው መደርደሪያ አስቀምጬ “የልጅ አይደለም” ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ሐኪሙን እስክናማክር እዚያው ይቆያል።